ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ የቤት ሽያጭ ውክልና፦ ኤምባሲ ከመሄድዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ከወሰድኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴም ጊዜው አላለፈበትም። አዲስ አበባ በስሜ ካርታ ያለው ቤት አለኝ። ወንድሜ እንዲሸጥልኝ በእንግሊዝኛ ውክልና አስጽፌ፣ እዚህ ባንክ ውስጥ ኖታሪ አስደርጌ ላክሁለት። ውልና ማስረጃ አልቀበልም ብሎ መለሰው። ኤምባሲው የኢትዮጵያ መሬት ስለሆነ እዚያ ሄጄ ብፈርም አዲስ አበባ እንደ ፈረምኩ ይቆጠራል ይሉኛል። እውነት ነው? ባለቤቴ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። እሱንና የ11 ዓመት ልጃችንን ይዣቸው ሄጄ በዚያው ስለ አገሬ ትንሽ እንዲያውቁ አስቤያለሁ።»

ምላሽ፦

ወረቀትዎ የተመለሰው ኖታሪው ስላጠፋ ወይም አዲስ አበባ ያለው ሠራተኛ ስላስቸገረ አይደለም። የሁለቱ ሥራ ለየቅል ነው። ባንክ ወይም የፖስታ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታው አሜሪካዊ ኖታሪ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መታወቂያ ያሳየችው ሴት ፊቱ ቀርባ ፈርማለች። ወረቀቱ ምን እንደሚል፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ወካይዋ ባለትዳር ትሁን አትሁን አይጠይቅም፤ እንዲጠይቅም ሥራው አያስገድደውም። ሰው ሁሉ «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ግን በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የሰነዱ ይዘት ከሕግ ጋር እንደማይጋጭ፣ ፈራሚው የመፈረም ችሎታና ሥልጣን እንዳለው፣ ንብረት የሚተላለፍ ከሆነም የባለቤትነት ማስረጃውን አይቶ ነው የሚመዘግበው። ይህ ሠራተኛ ኦሃዮ ያለ ኖታሪ ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በመካከል ሆኖ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል ያስፈልጋል። የእርስዎ ወረቀት የጎደለው እሱን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ለተመታው ማኅተም ብቻ ነው። የክፍለ ግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ኖታሪው በእርግጥ ፈቃድ ያለው መሆኑን ይመሰክራል። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለክፍለ ግዛቱ ፊርማ ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ለሚኒስቴሩ፣ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ለኤምባሲው ይመሰክራል። ውልና ማስረጃ የሚያምነው የመጨረሻውን ነው። ከመካከል አንዱ ከተዘለለ ቀጥሎ ያለው ቢሮ የሚያመሳክረው ናሙና ፊርማ ስለማይኖረው ይመልሰዋል። የእርስዎ ወረቀት ከመጀመሪያው ማኅተም በቀጥታ ወደ መጨረሻው ቢሮ ነው የሄደው።

አሁን ወደ «የኢትዮጵያ መሬት» እንምጣ። ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ግን ትክክል አይደለም። የ1961 የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 22 የሚለው የኤምባሲ ቅጥር የማይደፈር ስለመሆኑ ነው፤ የአሜሪካ ፖሊስ ያለ ኤምባሲው መሪ ፈቃድ አይገባም። መሬቱ ግን የአሜሪካ መሬት ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚፈርም ሰውም አሜሪካ ውስጥ ነው የፈረመው። ፊርማዎ ዋጋ የሚያገኘው በቦታው ሳይሆን ባየዎት ሰው ምክንያት ነው። የቆንስላ ሠራተኛው የኢትዮጵያ መንግሥት ባለሥልጣን ነው፤ ናሙና ፊርማው አዲስ አበባ ሚኒስቴሩ ዘንድ አለ። ልዩነቱ በተግባር ይታያል፦ ኤምባሲ የፈረሙት ሰነድ አዲስ አበባ ሲደርስ በቀጥታ ሥራ ላይ አይውልም፤ ሁለት ቢሮ ይቀረዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በጥያቄዎ መካከል በአጭሩ ጠቅሰው ያለፉት የፓስፖርቱ ነገር ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ፓስፖርቱ ላይ የታተመው ቀን አለማለፉ ይህን አይለውጠውም። በዚያ ፓስፖርት ውክልና ቢሰጡ ሰነዱ ላይ «ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ በኋላ በገዢው፣ በወራሽ ወይም በባንክ በኩል ሲወጣ ውክልናው ብቻ ሳይሆን በእሱ የተፈረመው ሽያጭም ለክርክር ይጋለጣል። ስለዚህ የሚቀርቡት በአሜሪካ ፓስፖርትዎና በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» በሚባለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 390 ጀምሮ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ክልከላ አስቀምጦ ቆይቷል፤ የአዋጅ ቁጥር 270/1994 ካርድ ባለቤት ግን ከዚህ ክልከላ ውጪ ነው። ካርዱ ከሌለዎት ከውክልናው በፊት ያውጡት። የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርትም አይጣል፤ ትውልድዎን የሚያስረዳው ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

ቀጥሎ ይዘቱ ነው። እንግሊዝኛው ወረቀት ሁሉም ማኅተም ተሟልቶለት ቢሆን እንኳ ቤት የሚያሸጥ አይመስለኝም። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ቅጾች አብዛኞቹ «ጉዳዮቼን ሁሉ እንደ እኔ ሆኖ ይፈጽም» የሚል ጥቅል ቃል ነው ያላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ጠቅላላ ውክልና የሚወስደው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደተሰጠ ነው፤ ቤቱን መጠበቅና መጠገን፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት። አንቀጽ 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ክስ ለማቅረብና ለመከላከል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «ሁሉንም» ማለት መሸጥን አይጨምርም። መሸጥ በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ ውክልናው በአማርኛ፣ ቤቱንና ድርጊቶቹን ለይቶ ይጻፍ። አነጋገሩ ይህን የመሰለ ነው፦ «በአዲስ አበባ ከተማ፣ በ… ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ …፣ የቤት ቁጥር …፣ የካርታ ቁጥር …፣ የቦታው ስፋት … ካሬ ሜትር የሆነውንና በስሜ የተመዘገበውን ቤት እንዲሸጥልኝ፣ የሽያጭ ውል እንዲዋዋል፣ በውልና ማስረጃ ቀርቦ እንዲፈርም፣ ስመ ሀብቱን ለገዢ እንዲያዛውር፣ በሽያጩ ምክንያት የሚፈለገውን ግብርና ክፍያ እንዲፈጽም፣ የሽያጩን ገንዘብ በስሜ በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ገቢ እንዲያስደርግ…»። የካርታ ቁጥሩንና ስፋቱን ወንድምዎ በስልክ አንብቦልዎ እንዳይጽፉ፤ ካርታውን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ፤ ከእሱ ላይ ይገልብጡ። አንዲት ቁጥር ከተዛባች ሠራተኛው «ይህ ውክልና ስለ ሌላ ቤት ነው» የማለት መብት አለው፤ እርማቱም ሌላ ውክልና መጻፍ ነው። ወንድምዎ ራሱ ሁሉንም ቢሮ መዞር የማይችል ከሆነ ውክልናውን በከፊል ለሌላ ሰው የማስተላለፍ ሥልጣን ይጨመርለት፤ ካልተጻፈ አይችልም። የማይፈልጉት ከሆነ ደግሞ «ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይችልም» ተብሎ ይግባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሽያጭ የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ ትዳር። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 63 ማንኛውም ንብረት፣ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። በአንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ቤቱ ካርታ ላይ በእርስዎ ስም መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ከጋብቻ በፊት ያፈሩት ወይም በውርስ ያገኙት ከሆነ የግልዎ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ግን የኦሃዮው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ራሱ ከላይ የተናገርሁትን የማኅተም መንገድ ሁሉ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ባለቤትዎ አብሮዎት የሚሄድ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ሌላ ነው፦ ሁለታችሁም በአንድ ሰነድ ላይ ወካዮች ሆናችሁ ፈርሙ። ቤቱ የእሱ ነው ማለታችሁ አይደለም፤ በኋላ ማንም ተነሥቶ «የባል ስምምነት የለበትም» እንዳይል መዝጋታችሁ ነው። የጋብቻ ወረቀቱን ግን ለማንኛውም ይዛችሁ ሂዱ።

ባለቤትዎ አማርኛ ስለማያነብ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ቀድመው ይስጡት። ቆንስላው ስለ ምን እየፈረመ እንደሆነ ቢጠይቀው «ባለቤቴ ፈርም ስላለችኝ» የሚል መልስ ሰነዱን ያስቆመዋል፤ ሊያስቆመውም ይገባል። ስሙም በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ውክልናው ላይ «ማይክል»፣ ሌላ ወረቀት ላይ «ሚካኤል» ከተባለ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰው ነው።

ይህ የስም ጉዳይ የእርስዎም ነው። ካርታው የሚያውቃት ሴት ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አላት። ዜግነት ሲወስዱ የአያትዎ ስም ቀርቶ የአባትዎ ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ከጋብቻ በኋላም የባልዎን ስም ይዘው ይሆናል። በዚህ ጊዜ የፓስፖርቷ ሴትና የካርታዋ ሴት አንድ መሆናቸውን የሚያገናኝ ወረቀት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የዜግነት ምስክር ወረቀቱ ወይም የፍርድ ቤት የስም ለውጥ ትእዛዝ ይበቃል። ውክልናው ውስጥም ሁለቱ ስሞች አብረው ይግቡ፦ «ቀድሞ … በሚል ስም የምታወቀው፣ አሁን በአሜሪካ ፓስፖርት … የተባልሁት»። በአማርኛው ፊደል ላይ ደግሞ ካርታው እንደጻፈው ይጻፉ፤ ካርታው «ጸሐይ» ካለ «ፀሀይ» ብለው አያርሙት። የልደት ቀንም እንዲሁ ይታይ። ከእኛ ዘመን ወደ ፈረንጅ ሲለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ሁሉንም በ8 የቆጠረ ሰው አንድ ዓመት የተዛባ ልደት ይዞ ይዞራል። እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ ሄደው ከመሰለፍዎ በፊት ለኤምባሲው ቢጽፉ ይሻላል።

አሁን ሦስት መንገድ አለዎት። አንደኛው በፖስታ ነው። የአማርኛውን ውክልና ኖታሪ ፊት ይፈርማሉ፤ ኖታሪው የሚያረጋግጠው ፊርማን እንጂ ይዘትን ስላልሆነ ወረቀቱ አማርኛ መሆኑ ብዙ ጊዜ አያግደውም፤ የእሱ ማረጋገጫ ቃል ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ መያያዝ አለበት። ቀጥሎ ወደ ኦሃዮ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ከዚያ የዲኤስ 4194 ቅጽ ሞልተው፣ ለአንድ ሰነድ 20 ዶላር ከፍለው ወደ ፌዴራሉ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ወደ ኤምባሲው። (ኒው ዮርክ ያሉ አንባቢዎች ከክፍለ ግዛቱ በፊት የካውንቲ ክለርክ ማረጋገጫ ይጨምራሉ።) ቅጾቹ ሰነዱ የሚሄድበትን አገር ሲጠይቁ «ኢትዮጵያ» ብለው ይጻፉ፤ «አፖስቲል ስጡኝ» አይበሉ። አፖስቲል የ1961ን የሔግ ስምምነት በተቀበሉ አገሮች መካከል የሚሠራ ማረጋገጫ ነው፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን ሳትቀበል የቆየች አገር ስለሆነች ለእሷ የሚሠራው የማረጋገጫ ሰርተፊኬት ነው፤ የአገሩ ስም ከተጻፈ ቢሮው ራሱ ትክክለኛውን ያወጣል። በዚህ መንገድ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ስቴፕል ነው። ክፍለ ግዛቱ ሰርተፊኬቱን ከሰነዱ ጋር አጣብቆ ይልከዋል፤ ሰው ኮፒ ለማድረግ ይነቅለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀበለው የለም። ኮፒ ካስፈለገ ገጹን አጥፈው በስልክ ያንሡት። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚሠራ የርቀት ኖታሪም ለዚህ አይሁን፤ እስክሪብቶና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሁን። የዚህ መንገድ ችግሩ ጊዜው ነው። ፌዴራሉ ቢሮ በፖስታ የመጣን ሰነድ ለመመለስ ሳምንታት ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ኤምባሲው አንድ ቃል ቢያርም ሁሉም ከኖታሪው ይጀመራል።

ሁለተኛው በአካል ኤምባሲ መቅረብ ነው። ቆንስላው ፊት ሲፈርሙ ኖታሪው፣ ክፍለ ግዛቱና ፌዴራሉ ቢሮ ሦስቱም ይቀራሉ። ሦስተኛው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ነው፤ በሚቀጥሉት ጥቂት ወራት ጉዞ ካለዎት ምንም ውክልና አይላኩ፤ ቢጫ ካርድዎን ይዘው ውልና ማስረጃ ቀርበው እዚያው ይወክሉት፤ የባለቤትዎን ስምምነት ብቻ ከዚህ አስፈጽመው ይያዙ። አንዳንዱ «ወንድሜ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄዶ አይጨርስም ወይ?» ይላል። አይጨርስም፤ የእነሱ ኖታሪ ፊቱ የቀረበውን ፈራሚ ነው የሚያየው፤ ፈራሚዋ እርስዎ ነዎት።

ጉዞ ካላሰቡ የእኔ ምክር ያለ ማመንታት ሁለተኛው ነው። ከኮሎምበስ ዋሽንግተን በመኪና 6 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሌላ ከተማ ያለ የኢትዮጵያ ቆንስላ ቢኖርም ለእርስዎ ዋሽንግተን ይቀርባል። የባልን ፊርማ፣ የስም ልዩነትንና የዜግነት ለውጥን የያዘ ጉዳይ በፖስታ አይላክም፤ ጥያቄ ሲነሣ እዚያው ቆሞ የሚመልስ ሰው ያስፈልገዋል።

በአካል ሲሄዱ አንድ ትልቅ ስሕተት አይሥሩ፦ ቤትዎ ፈርመው አይሂዱ። የተፈረመ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ቆንስላው «ፊቴ ፈረመ» ሊል አይችልም። ሰነዱ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ የፊርማው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቅረብ። ረቂቁን ከሳምንት በፊት አዲስ አበባ ያለ ጠበቃ ወይም ውልና ማስረጃ በር ላይ ያለ ጸሐፊ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ቅር የሚያሰኝ ቃል ካለ ቀድሞ ይታወቃል። የሁለታችሁን ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርዱን፣ የጋብቻና የዜግነት ወረቀቶችን ዋናውን ከኮፒ ጋር፣ የወንድምዎን መታወቂያ ኮፒ፣ የካርታውን ኮፒ ይያዙ። ክፍያውን በመኒ ኦርደር ያዘጋጁ፤ መጠኑን በዚያው ሳምንት ከኤምባሲው ገጽ ይመልከቱ። ሰነዱ ለዚያ ቀን ካልደረሰ ተመልሰው እንዳይመጡ፣ አድራሻዎ የተጻፈበትና ቴምብሩ የተከፈለ፣ መከታተያ ቁጥር ያለው ፖስታም አብሮ ይኑር። ኤምባሲው የሁለቱንም አገር በዓላት ስለሚያከብር ቀኑን በሁለት ካላንደር ይመልከቱ። ለአሜሪካዊው መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ተራ የሥራ ቀን የሆኑት ጃንዋሪ 7 (ገና)፣ ጃንዋሪ 19 (ጥምቀት፤ አንዳንድ ዓመት 20)፣ ማርች 2 (ዓድዋ) እና ሴፕቴምበር 11 (ዕንቁጣጣሽ፤ አንዳንድ ዓመት 12) እዚያ ዝግ ናቸው። ስቅለትና ፋሲካም ብዙ ጊዜ ከፈረንጆቹ ይለያሉ።

ቦታው ኢንተርናሽናል ድራይቭ ነው፤ በሜትሮ ከመጡ በቀዩ መስመር ቫን ነስ ዩዲሲ ወርደው በእግር ይደረሳል። አካባቢው የአሜሪካ መንግሥት ለኤምባሲዎች ብሎ ያዘጋጀው ሰፈር ስለሆነ የብዙ አገር ባንዲራ ተደርድሮ ያያሉ፤ ለልጅዎ የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ይሁን። የቆንስላውን ቀን ግን የጉብኝት ቀን አያድርጉት። የቆንስላ አዳራሽ ሰው ቁጥሩን ይዞ የሚጠብቅበት ቦታ ነው፤ የ11 ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሚያስታውሰው አገሩን ሳይሆን ወንበሩን ነው። በየዓመቱ በሜይ ወር ዋሽንግተን ውስጥ ፓስፖርት ዲሲ የሚባል ዝግጅት አለ፤ ብዙውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የተለያዩ አገሮች ኤምባሲዎች በራቸውን በነጻ ለሕዝብ ይከፍታሉ። የኢትዮጵያ ኤምባሲም ከተሳታፊዎቹ አንዱ ሆኖ ያውቃል፤ የዓመቱን ዝርዝር አይተው ልጅዎን ያን ቀን ያምጡት። ከዚያ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ወርደው ምሳ ይብሉ።

ባለቤትዎ ቀድሞ ቢያውቀው የሚጠቅም ነገር ደግሞ አለ። መስኮቱ ላይ የሚጠሩት በመጀመሪያ ስሙ ነው፤ «ሚስተር ማይክል» ሲሉት ወዳጅነት ያለልክ ማብዛታቸው ወይም ስሕተት አይደለም፤ የኢትዮጵያዊ መጠሪያው የራሱ ስም ስለሆነ አክብሮቱም በእሱ ላይ ነው የሚታከለው። እሱም ሠራተኛዋን «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» ብሎ በራሷ ስም ይጥራት። ሠራተኛው ወረቀቱን ከማየቱ በፊት የሚለዋወጠው ሰላምታና የቤተሰብ ደኅንነት ጥያቄ ጊዜ ማባከን አይምሰለው። ታሪክ የሚወድ ከሆነ አንድ ነገር ይንገሩት፤ በ1903 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የመጀመሪያውን የንግድ ውል የተፈራረመው አሜሪካዊ ሮበርት ስኪነር ራሱ የማርሴይ ዋና ቆንስል ነበር። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ከቆንስላ ነው የጀመረው ማለት ይቻላል።

ኤምባሲው ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ ዋናው ወረቀት ራሱ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ፎቶ፣ ስካን፣ ኮፒ አይሠራም። በዲኤችኤል ወይም በሚያምኑት ተጓዥ እጅ ይላኩት፤ ስካኑን ግን ለራስዎ ያስቀሩ። ወንድምዎ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ የኤምባሲውን ፊርማ ያስረጋግጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ያስመዘግባል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በቀጥታ ውልና ማስረጃ ቢሄድ ያው ይመለሳል። የኤምባሲው ማኅተም ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ ነው አይልም፤ ክፍለ ከተማ ፋይሉን ቢያዘገይ ኤምባሲው የሚያፋጥነው ነገር የለም፤ በእርስዎና በወንድምዎ መካከል ክርክር ቢነሣም አይገባበትም። ገንዘቡ በብር ነው የሚከፈለው። እርስዎ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ስለሆኑ ሽያጩን አሜሪካም ያስታውቃሉ፤ ውጭ አገር ያሉ ሂሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ሪፖርት አለው።

የገንዘቡን ነገር ከወንድምዎ ጋር ያላችሁ ፍቅር አያዘናጋዎት። ቢያንስ ዝቅተኛውን ዋጋ ውክልናው ላይ ያስቀምጡ፤ ገዢው የሚከፍለው በስምዎ በተከፈተ ሂሳብ እንዲሆን ያስጽፉ፤ ወኪሉ ለራሱ እንዳይገዛም ይግለጹ። ሕጉ ወኪል ከራሱ ጋር የተዋዋለውን እንዲያፈርሱ መብት ይሰጥዎታል፤ ግን ከኦሃዮ ሆኖ መክሰስ ቀላል አይደለም። ውክልናን በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ፤ መሻሩ ግን በስልክ «ተውው» በማለት አይሆንም። የሻሩበት ጽሑፍ ያው የተጓዘበትን መንገድ ተጉዞ፣ ውክልናው በተመዘገበበት ውልና ማስረጃ ፋይል ውስጥ መግባት አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ዋናው ወረቀት በእጁ ያለ ሰው መሸጥ ይችላል። ሽያጩ ካለቀ በኋላም ቢሆን ዋናውን ወረቀት ይመልስልዎ፤ ካልተመለሰም ስመ ሀብቱ በተዛወረ በዚያው ሳምንት ሽረቱን ይላኩ።